ቮልሴ፣ 1641 ሲሲ እና የአዲስ አበባ ስስ አየር

ጥቅምት 9

የቮልሴን ሞተር ላጎለብት ተነስቻለሁ፤ ዛሬ ምንም ሳልፈታ መጀመሪያ ለካሁ። ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እስከ እንጦጦ ማርያም በር፣ በስልኬ ሰዓት ይዤ። 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። በሁለተኛ ማርሽ ጀምሬ በሁለተኛ ጨረስኩ፤ ሁለት ቦታ ላይ አንደኛ ጠይቃኛለች። መሀል ላይ ልምምድ የሚሠራ አንድ ሯጭ ደረሰብኝና ለጥቂት ሜትር ጎን ለጎን ወጣን። "አይዞህ!" ብሎኝ ቀደመኝ። ለኔ ይበለው ለመኪናዋ አላወቅኩም።

መኪናዋ የ1969 ቮልስ ነች፣ ባለ 1300፤ የሲሊንደሮቿ ይዘት 1300 ሲሲ ገደማ ማለት ነው። የሞዴል ዓመቶችን በፈረንጆች ነው የምጽፈው፤ መጽሐፉም ዕቃውም በዚያ ስለሆነ። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት አላት ይላል። ችግሩ ያ 40 ባሕር ጠረፍ አካባቢ ባለ አየር የተሰላ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ዋና ቀለቡ አየር ነው፣ ቤንዚኑ ወጥ ነው። እንጀራው አንድ አምስተኛ ሲጎድል ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጎድላል። ስለዚህ 40 ፈረስ ብዬ የምነዳው 31 ወይም 32 ነው። እሱም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ።

ጥቅምት 10

ጤነኛ አይደለም። ኮምፕሬሲዮን (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ) ለካን፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች ወደ 6 ባር፣ ሦስተኛው 4። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ መለኪያው አዲስ አበባ ላይ ሁሌም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ የሚጨመቀው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ሞተሬ ሞተ ብላችሁ አታልቅሱ። ቁም ነገሩ አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። የኔ ሦስተኛው ግን እውነትም ታሟል።

ሦስተኛው መሆኑ ጋሼን አላስገረማቸውም። ጋሼ ማለት የሰፈራችን መካኒክ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ። "እሱ ምን ጊዜም እሳት ላይ ነው" አሉ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ነፋሱ በሚያልፍበት ላሜራ ውስጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር አፍ ላይ ነው። ለሌሎቹ የሚደርሰው ንፋስ ለሱ ተሞቆና ተቀንሶ ነው የሚደርሰው። ቫልቮላው ቀድሞ የሚቃጠለው የሱ ነው።

ጥቅምት 14

ምን ይሻላል የሚለው ላይ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ሰዉ ሁሉ "ኤሌክትሪክ አድርጋት" ይለኛል። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይቺ ምክር በነፃ ትታደላለች። ያለ ጩኸቷ ግን ቮልስ ቮልስ አትሆንልኝም።

1300ውን ራሱን ማስፋት አሰብኩ። የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊ ነው። ትልቅ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ለማስገባት የሞተሩ ቀፎም ቴስታታዎቹም (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ቶርኖ ቤት ገብተው መቦርቦር አለባቸው። ለ50 ዓመት ላረጀ የማግኒዢየም ቀፎ ይህ ቁማር ነው። ጋሼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ "ልጄ፣ የኮምቢ ሞተር ፈልግ።" ኮምቢ የቮልስ ሚኒባስ ነው።

የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ የሆነውን ሶማሌ ተራን አንድ ጠዋት ሙሉ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ ከተጋጨ ኮምቢ የወጣ 1600 አገኘሁ፤ ቁጥሩ ኤ.ዲ. ብሎ ይጀምራል። የሲሊንደሩ ስፋት 85.5፣ የፒስተኑ ጉዞ 69 ሚሊ፣ 1584 ሲሲ፣ ፋብሪካው 50 ፈረስ ያለው። ቴስታታዎቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር መግቢያ አለው እንጂ እንደኔ 1300 ሁለቱ በአንድ አፍ አይሻሙም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ከነፋሱ መንገድ ወጥቶ ከኋላ የራሱ ቤት ተሠርቶለታል። የሦስተኛው ሲሊንደር የዘመናት አቤቱታ እዚያ ላይ ነው የተሰማው።

ሻጩ "የሚነሳ ሞተር ነው" አለኝ። በእጄ ላዞረው ስል ንቅንቅ አላለም። ዋጋው በዚያው ወረደ።

ጥቅምት 23

አሮጌውን አወረድነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት 4 ቡሎኖች ብቻ ናቸው። የጋዝ ሽቦውን፣ የቤንዚን ጎማውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የማሞቂያ ቱቦዎቹን መንቀል፣ ከሥር ክሪክ መደገፍ፣ ወደ ኋላ መሳብ። የላይኞቹ ሁለት ዳዶዎች እጅ ገብቶ ዓይን የማይገባበት ቦታ ናቸው፤ እዚያ የአውራ ጣቴን ቆዳ ትቼ መጣሁ።

የኮምቢውን ሞተር ስንፈታው የደረቀው በዝገት ብቻ ነበር፣ አንዱ ካሚቻ ውስጥ ውሃ ገብቶ። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ንጹሕ ነው። ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ሽፋኖች) ይቀየራሉ። ግን ቴስታታ ከሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች ሁለቱ ሲፈቱ የቀፎውን ጥርስ ይዘው ወጡ፣ ልክ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት። ማግኒዢየም ለስላሳ ነው፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ይለቃል። ሁለቱን ብቻ ማዳን ሞኝነት ነው፣ አሥራ ስድስቱንም የብረት ቡሽ አስገባንላቸው። ቶርኖ ቤቱ አንዱን ቀዳዳ አጣሞ በስቶት ሁለተኛ ጊዜ ተመላለስኩ። "ይሠራል ይሠራል" ብለውኝ ነበር። ዳዶ ሳስር የሚታየኝን ጠማማ ነገር ይዤ መኖር አልችልም አልኩ፤ አስተካከሉት።

ኅዳር 6

የእህቴ ሻንጣ ከሜሪላንድ ደረሰ። እሷ ባትሆን ይህ ሥራ አይኖርም። 23 ኪሎ በምትፈቀድ ሻንጣ ውስጥ አራት ካሚቻ፣ አራት ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ)፣ የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ስብስብ፣ ሁለት የዌበር 34 ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ከነማኒፎልዱ። ከመሀሉ አንድ የሕፃን ጫማ ወጣ፤ ለእህታችን ልጅ ነው። ዘይት ሸቷል።

ቮልስ ሜክሲኮ ላይ በፈረንጆች እስከ 2003 ድረስ ስለተመረተ ዕቃው እስካሁን አዲስ ሆኖ ይገኛል። ለአሮጌ መኪና ይህ ትልቅ እድል ነው።

ፒስተኖቹ 87 ሚሊ ናቸው። ለምን 87? ምክንያቱም ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ቀፎና ቴስታታ ሳይቦረቦር 85.5ቱ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። 88ም እንደዚሁ ይገባል፣ ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ሲሞቅ ቅርፁ ይበላሻል። በአንድ ሚሊ መጎምጀት ሞተር ያስከፍላል። 90.5 እና 92 ደግሞ ያው ቶርኖ ቤት ናቸው፣ ቶርኖ ቤት ደግሞ በቃኝ።

በ87 ስፋትና በ69 ጉዞ አራቱ ሲሊንደሮች 1641 ሲሲ ይሆናሉ። ከ1300ው ጋር ሳነጻጽረው 28 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ሒሳቡን ስሠራ ግን ሳቄ መጣ። 40 ፈረስ፣ አንድ አምስተኛው ሲነሳ 32፣ በ28 በመቶ ሲጨመር... 40 ገደማ! ይሄ ሁሉ ካሚቻ፣ ይሄ ሁሉ ሻንጣ፣ ፋብሪካው መጀመሪያውኑ የጻፈልኝን ቁጥር ለማስመለስ ነው። ትርፍ የምለው ከዚያ በላይ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ እሱም ከካርቡሬተሮቹና ከመጭመቂያው መምጣት አለበት።

ኅዳር 13

የቴስታታዎቹን ጉድጓድ ለካሁ። ፋርማሲ ሄጄ ትልቅ ስሪንጅ ገዛሁ፤ ልጅቷ "መርፌውስ?" ስትለኝ "ለሞተር ነው" አልኳት፣ ዝም ብላ አየችኝ። ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) አስሮ፣ ቫልቮላዎቹን በግሪስ አሽጎ፣ በላዩ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ለጥፎ፣ ላምባ በስሪንጅ እየጨመሩ መቁጠር ነው። የአየር አረፋዋ በቀዳዳው ስር ትንሳፈፋለች፤ እሷ እስክትጠፋ። 50.5፣ 52፣ 51፣ 52 ሲሲ። ትንሽ አስላጥኳቸው፣ ሁሉም 49 ላይ ገቡ።

ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከካሚቻው ከንፈር 1 ሚሊ ይጎድላል። ከካሚቻው ሥር የሩብ ሚሊ ስፔሶር (ስስ ቀለበት) አስገባሁ፣ 1.25 ሆነ። ውጤቱ 8.3 ለ 1 ገደማ መጭመቂያ ነው፤ አየሩ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይጨመቃል ማለት ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው 7.5 ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ ብነዳ ከዚህም በላይ እወጣ ነበር፤ ስስ አየር ቢጨመቅም ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ አይነድም። ግን ለገና አዳማ፣ ለእረፍት ደግሞ አዋሽ መውረዴ አይቀርም። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጫናም አብሮ።

ካምሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አልነካሁም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው እሱን ነው። የውድድር ካም ጉልበት የሚሰጠው ሞተሩ ሲጮህ ነው፤ እኔ ግን ጉልበት የምፈልገው መገናኛ ላይ ቆሞ ለመነሳት ነው። ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ያው ይቆይ፤ ጩኸት ፈረስ አይደለም።

ኅዳር 20

ዛሬ ቮላኖ፣ ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት። መጀመሪያ የኮሎው የፊትና የኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ መሆን አለበት፤ በሦስት ስፔሶር ነው የሚስተካከለው፣ ሁለት ሰዓት ስፔሶር ስቀያይር ዋልኩ። 0.10 ላይ ያዝኩት።

ቀጥሎ የቮላኖው ትልቅ ዳዶ፣ ባለ 36። መጽሐፉ 300 ኒውተን ሜትር ይላል። ያለኝ ቶርክ ቁልፍ 200 ላይ ያበቃል። ጋሼ "ድሮ ሁለታችንም ላዩ ላይ እንቆም ነበር" አሉ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ወደድኩ፦ 300 ማለት አንድ ሜትር ላይ 30.6 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። በር ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ጠራነው። የጋሼን ረዳት መዘንነው፣ 58 ኪሎ። 30.6 ለ58 ሲካፈል 53 ሳንቲ ሜትር። ቧንቧው ላይ 53 ላይ በኖራ አሰመርኩ፣ ረዳቱ ቀስ ብሎ እዚያች መስመር ላይ ተንጠለጠለ፣ እግሩ ከመሬት ሲነሳ ዳዶው ትንሽ ዞረና ቆመ። የሚዛኑ ልጅ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ "ለዚህ ነው እንዴ?" ብሎ ሄደ።

ታኅሣሥ 2

ገጣጠምን። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ማመልከት አለበት፤ ፒኑ ትክክል መሀል ላይ ስላልሆነ። አንዱን ገልብጬ ካሚቻውን ከከተትኩ በኋላ ነው ያየሁት። ፋሻ ሳልሰብር ለማውጣት አንድ ሰዓት። ጋሼ ጾም ላይ ናቸው፣ ያለ ወተት ማኪያቶ እየጠጡ ከሩቅ ያዩኛል። ምንም አላሉም። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ታኅሣሥ 8

ላሜራ። ይቺን ቀን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ለኔ ግን ከፒስተኑ እኩል ነች። ቮልስን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ያ አየር ደግሞ እዚህ ስስ ነው። ቬንቲላቶሩ በደቂቃ ያው መጠን አየር ይገፋል፣ ክብደቱ ግን ያንሳል። በፋብሪካው ልክ ቢሆን ግድ የለም፤ ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ይቀንሳሉና። እኔ ግን ሙቀቱን ልጨምር ነው፣ አየሩ እዚያው ነው።

ከተማው ውስጥ ያሉ ብዙ ቮልሶች ኮፈን ሲከፈት ከሥር ያሉት ላሜራዎች የሉም። አንዱ ጋራዥ ፈትቶ ሳይመልስ ቀርቷል፣ ወይም "አያስፈልግም" ተብሏል። ያስፈልጋል! ዙሪያውን የሚሄደው ማሸጊያ ጎማ ከሌለ ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል። የጎደሉኝን አራት ቁራጭ ከሶማሌ ተራ ሁለቱን አገኘሁ፣ ሁለቱን በካርቶን ቅርፅ አውጥቼ አስቆረጥኩ።

የቤንዚን ጎማውንም ሁሉንም አዲስ አደረግሁ፣ ክላምፕ በየመጋጠሚያው፣ ማጣሪያው ከሞተሩ ክፍል ውጭ። ማጣሪያ የእሳት ብልጭታ ከሚያድለው ዲስትሪቢውተር በላይ ተንጠልጥሎ የቤንዚን ጎማው የደረቀ ቮልስ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ታኅሣሥ 15

ተነሳች! በሦስተኛው ሙከራ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፣ ካንዴላ ተነቅሎ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ ዘይቱ እስኪወጣ ማዞር፣ ከዚያ ካንዴላ መልሶ ማስነሳት። ዘይት ከአንዱ የፑሽሮድ ቱቦ ሥር ይንጠባጠባል፤ ሳላስረዝመው ስለገባ ነው፣ ጥፋቱ የኔ።

ሚኒሞው (ጋዝ ሳይረገጥ ያለው ዙር) አይቆምም። ከኋላ ጥቁር ጭስ። ካንዴላዎቹን ሳወጣ እንደ ከሰል ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ካርቡሬተሮቹ የመጡት በ130 ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ) ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በኔ ሒሳብ እዚህ 12 በመቶ ገደማ ይበዛበታል። ቀዳዳው በዲያሜትሩ ሳይሆን በገጽ ስፋቱ ያን ያህል ይጥበብ ከተባለ ከ130 ወደ 122 መውረድ አለበት። እህቴ የላከችው ስብስብ ውስጥ ግን 120 እና 125 እንጂ መሀሉ የለም። አንድ ወዳጄ "125ን በስታኞ ድፈንና በቀጭን ሽቦ ብሳው" አለኝ። ወዳጅነታችን ይቆይ ብዬ መልስ አልሰጠሁም።

120 አስገባሁ። መኪናዋ ተለወጠች። ሚኒሞው ጸጥ፣ ጋዝ ስረግጥ ወዲያው፣ ካንዴላው ቡና ባለ ወተት መልክ። ለገና ሳምንት ሙሉ ከተማ ውስጥ እየነዳሁ ራሴን አደነቅሁ።

ጥር 3

ራስን ማድነቅ አዳማ ድረስ ነው። በፈጣኑ መንገድ ስወርድ ልቤ ቀልጧል፤ በአራተኛ ማርሽ፣ ጋዙ ግማሽ ላይ። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነች፣ አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ሲጠነክር በእግር ይታወቃል። ምሳ በልተን ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ሙሉ ጋዝ ስሰጣት ያቺን የማልወዳትን ድምፅ ሰማሁ። ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር፣ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ሲነድ የሚሰማው። እግሬን አነሳሁ፣ ዳር ቆምኩ። የዘይቱ ሙቀት 118። ሦስተኛውን ካንዴላ በጨርቅ ይዤ ነቀልኩ፤ ነጭ፣ እንደ ኖራ።

ነገሩ ግልጽ ነው። 120 ለአዲስ አበባ ራሱ በትንሹ ይጠብባል፣ ከተማው አልነገረኝም እንጂ። አዳማ ላይ ደግሞ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ሌላ 4 በመቶ ገደማ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው እሳት ይሞቃል፣ የ8.3 መጭመቂያ ተጨመረበት። ቢሾፍቱ እስክደርስ በ70 ተጓዝኩ፣ የጭነት መኪኖች እየቀደሙኝ።

ጥር 5

125 አስገባሁ። የእሳቱንም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ከ30 ዲግሪ ወደ 28 መለስኩ። አዲስ አበባ ላይ ካንዴላው በመጠኑ ይጠቁራል፣ ጠዋት ሚኒሞው ትንሽ ያኮርፋል። ይኩርፍ።

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ መንገዱ ሲቀልል እንደገና አዳማ። ስመለስ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ በ90 ወጣሁት፤ ድሮ በሦስተኛ 65 ነበር። የጠጠር ድምፅ የለም። ዘይቱ 106። ካንዴላው እንደገና ቡና በወተት።

ጥር 21

500 ኪሎ ሜትር ስለሞላ ዘይቱን ቀየርኩ፣ የቫልቮላዎቹንም ክፍተት በብርዱ ለካሁ፣ 0.15 ሚሊ መሆን አለበት። ሰባቱ ምንም አልተንቀሳቀሱም። የሦስተኛው የጭስ ቫልቮላ ወደ 0.10 ጠቦ ነበር። የ120ው ቀን ፊርማ ይሁን ወይም ገና እየተቀመጠ ይሁን የሚለየው ቀጣዩ ልኬት ነው፤ በ1,000 እደግመዋለሁ። እንደገና ከጠበበ ቴስታታው ይወርዳል።

ጥር 22

እንጦጦ። ጋሼን ይዣቸው ወጣሁ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሰዓቱን ለሳቸው ሰጠሁ። አብዛኛውን በሦስተኛ፣ ኩርባዎቹ ላይ ብቻ ሁለተኛ። 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሯጮቹንም ቀደምናቸው፤ አንዱ እጁን አውለበለበ፣ ያ ልጅ ይሁን አይሁን አላውቅም። የኔ ግምት እዚህ አየር ላይ 46 ወይም 47 ፈረስ ነው፣ ማረጋገጫዬ ይቺ ዳገት ብቻ ነች።

ማርያም በር ላይ ቆመን ሞተሩ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ጋሼ ወረዱና ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ አሉ። ቸርኬውን በእጃቸው መዳፍ ዳሰሱት። የፊት ፍሬኗ ታምቡር ነው፣ ከ1969 ጀምሮ ማንም አልቀየረውም።

"ወጥተሃል" አሉኝ። "በምን ልትወርድ ነው?"

በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ነገ የፊት ታምቡሮቹን እፈታለሁ።